የፈረደው ማነው?

በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለአዲስ አበባ ተመልካች ሲቀርብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ባለ ሙሉ ርዝመት ልብ ወለድ ፊልም ሆኖ ተመዘገበ። ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ የግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ነበር። ስለ ፊልሙ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ስለ ሽልማቱ ግን የሚባል ነገር የለም፣ የሚሸልመው አልነበረምና። አገሪቱ ሽልማት አጥታ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ሠዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን እ.ኤ.አ. በ1965፣ ባለቅኔውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን በ1966 ሸልሟል። ሥዕልና ሥነ ጽሑፍ ወንበር ሲሳብላቸው ፊልም ደጅ ቀርቷል። ለነገሩ ሲኒማ ቤት በከተማው ሰው አፍ «የሰይጣን ቤት» ተብሎ የተጠራበት ዘመን ገና ከትዝታ አልጠፋም ነበር፤ ትናንት የሰይጣን ያሉትን ዛሬ ዘውድ ፊት አቁሞ መሸለም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ በየዓመቱ «ይኼኛው ይገባው ነበር፣ ያኛው አይገባውም» እየተባለ የሚነሳው ሙግት ከፊልሞቻችን በዕድሜ በእጅጉ ያንሳል።

ሙግትን በሥርዓት ማስኬድ ግን ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው ዘመን የጉራጌ ተወላጁ ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፉት ልብ ወለድ በወልፍ ሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ታተመ። የዚህ መጽሐፍ ርዕስ «የሽኔጋ መንደር» ነው። ተርጓሚው ሌስላውም በማግስቱ ዓመት በኢትዮጵያ ጥናት የንጉሡ ሽልማት ደረሳቸው። ሣህለ ሥላሴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ «አፈርሳታ»ን አወጡ። አፈርሳታ፣ ሌላው አገር አውጫጭኝ የሚለው፣ ጥፋተኛው ያልታወቀ በደል ሲደርስ መንደርተኛው በሙሉ ሜዳ ወጥቶ የሚጠያየቅበት ሥርዓት ነው። የአማርኛ ልብ ወለዳቸው ርዕስ ደግሞ «ወጣት ይፍረደው» የሚል ነው። የፍርድ ነገር የሚያሳስባቸው ሰው እንደነበሩ ከርዕሶቹ ብቻ ይታያል። ይህም ከመጡበት አገር ጋር የሚሄድ ነው። ሰባት ቤት ጉራጌ ጆካ የሚባል የበላይ ሸንጎ፣ ቂጫ የሚባል ሕግ አለው፤ ክስታኔም የጎርደና ሴራ አለው። በዝርዝራቸው ቢለያዩም አንድ ጠባይ ይጋራሉ። ነገር በአደባባይ ይሰማል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይናገራሉ፤ ሽማግሌው «እንዲህ ፈርጃለሁ» ብሎ ዝም አይልም፣ ለምን እንደፈረደ ያስረዳል፤ ያልረካ ወደሚቀጥለው ሸንጎ ይዞ ይሄዳል። የፊልም ሽልማቶቻችንን ታሪክ የምለካው በዚህ ሚዛን ነው። ሰው በፊልም ምርጫ ባይስማማ ምንም ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ፍርዱ ምክንያቱን ሳይነግረን መምጣቱ፣ አብዛኛውን ጊዜም ፊልሙን ያላየ ሕዝብ መሃል መውደቁ ነው። ከጉራጌዎቹ ከተሞች ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ ከአዲስ አበባ ሆኖ ከሚያየው ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

በ1966 ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ። ጉማ በኦሮሞ ባህል የደም ካሳና የዕርቅ ሥርዓት ነው፤ ስሙን ለጊዜው እናቆየው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ይመለሳል። በዚያው የአብዮት ሰሞን ከአሜሪካ የመጡት ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጹ። ለባለ ርስት የሚገብር የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ እውነቱን በአደባባይ የሚናገረውም ርስቱን የተነጠቀው «እብዱ» ከበበ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ። የኢትዮጵያን ገበሬ ኑሮ ያሳየን ሥራ አልፕስ ተራራ ሥር የተቀመጡ ዳኞች መዘኑት ማለት ነው። «አማርኛ የማያውቅ፣ ሞፈርና ቀንበር ያልያዘ ሰው ይህን እንዴት ይፈርዳል?» የሚለው ጥያቄ የተወለደው እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬም አልሞተም። እኔ ግን በዚህ በኩል ጠያቂዎቹን አልደግፍም። ሩቅ መሆን ብቻውን ዳኛን ከወንበሩ አያስነሳም፤ በጉራጌም ቢሆን ከባድ ነገር ሲሆን የጎሳው ሰው ያልሆነ ሽማግሌ የሚፈለገው ዘመድ ስላልሆነ ነው። ገበሬው ለባለ ርስት ሲለፋ የሚያይ ስዊዘርላንዳዊ ትርጉም አያስፈልገውም። የጎደለው ሌላ ነው። ወደ አገር ቤት የደረሰው «ተሸለመ» የሚለው ወሬ ብቻ ነው። ዳኞቹ ፊልሙ ውስጥ ምን አዩ? ከማን አስበለጡት? ለምን? ይህ ከወሬው ጋር አልመጣም፤ ተመልካቹም የሚሟገተው ነገር አልተሰጠውም፣ የሚኮራበት ብቻ ተሰጠው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ቶሎ እናልፋቸዋለን። ደርግ ፊልምን የመንግሥት ሥራ አደረገው፤ የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ጥቂት ፊልሞች ወጡ፤ ኮርፖሬሽኑም ከሥርዓቱ መውደቅ በኋላ ተዘጋ። ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ ከቪዲዮ ካሜራ ጋር ነው። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና መሰሎቹ ያለ ሴሉሎይድ የተሠራ አማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ሊሞላ እንደሚችል አሳዩ፤ ሰው ሰልፍ ይዞ ገባ። አዳዲስ ሲኒማ ቤቶች ተከፈቱ፤ ግን የተከፈቱት አዲስ አበባ ነው። የጅማን መንገድ ይዞ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ለሚርቀው ወልቂጤ፣ በዓለም ገና በኩል ወደ 130 ኪሎ ሜትር ለሚርቀው ቡታጅራ ፊልም የደረሰው እንደ ሌሎቹ የክፍለ ሀገር ከተሞች በቪዲዮ ቤት፣ በካሴትና በቪሲዲ፣ ኋላም በአውቶቡስ ውስጥ ስክሪን ነው። በመስከረም ለመስቀል ከመርካቶ ወደ አገሩ የሚጎርፈው ሰው አዲስ ልብስና ቅቤ ብቻ አይጭንም፤ የከተማውን ወሬ፣ የወጣውን ዘፈን፣ የታየውን ፊልምም ይዞ ይገባል። ጉራጌ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ገንዘብ እያዋጣ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። መንገዱ ሰውንና ሸቀጥን አመላለሰ፤ ፊልምን ግን ሁልጊዜ ከኋላ፣ ብዙ ጊዜም ከተቀዳ ላይ ተቀድቶ የደበዘዘውን ነው ያደረሰው። አንድ ፊልም እዚያ ሲደርስ አዲስ አበባ ላይ ተሸልሞ፣ ተሰድቦ፣ ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

በጳጉሜን 2000 ዓ.ም. የቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሰጠ። ትልቁን የወርቅ አንበሳ የወሰደው የዳረን አሮኖፍስኪ «ዘ ሬስለር» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ቡርኪና ፋሶ ላይ የተካሄደው ፌስፓኮ ደግሞ የአፍሪካ ሲኒማ ትልቅ ክብር የሆነውን የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ለ«ጤዛ» አበረከተ። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው የአንበርብር ታሪክ፣ የቀይ ሽብሩ ቁስል፣ የጣና ዳር መንደሩ በ140 ደቂቃ ተነግረዋል። በዚህ ጊዜ ሙግቱ አደገ። ፊልሙ አዲስ አበባ በታየ ጊዜ ያደነቁት እንዳሉ ሁሉ «ይህ ለፈረንጅ ዳኛ የተሠራ ነው፤ ሲኒማ ቤት የሚሞላው የኛ ፊልም ነው፤ ሽልማት ለሚሞላው ይገባል» የሚል ድምፅም ተሰማ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ብዙ የአፍሪካ ፊልሞች የአውሮፓ ገንዘብ ይዘው ይሠራሉ፤ ገንዘብ ሰጪውም ምን ዓይነት አፍሪካ ማየት እንደሚወድ መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ በ«ጤዛ» ላይ ሲሠራ ማስረጃው ይከዳዋል። ለፈረንጅ እንዲመች የተሠራ ፊልም የኢሕአፓንና የመኢሶንን ጠብ ሳያብራራ እንደሚታወቅ ቆጥሮ አያልፍም፤ በሕልምና በትዝታ መሃል እየተመላለሰ የውጭውን ተመልካች ከአገሬው ይልቅ አያደናግርም። ኃይሌ ገሪማ ለማንም የሚመች ፊልም የሠሩ ሰው አይመስሉኝም፤ ለአሜሪካኖችም ለኛም።

በዚያው የቬኒስ ምሽት ለዚህ ጽሑፍ ነገር ዋና የሆነ አንድ ነገር ሆኗል። የዳኞቹ ሰብሳቢ ቪም ቬንደርስ መድረክ ላይ ሆኖ ዳኞቹ ሚኪ ሩርክን በትወና ሊሸልሙት ይወዱ እንደነበር፣ ነገር ግን የወርቅ አንበሳውን የወሰደ ፊልም ተዋናይ የትወናውን ሽልማት እንዳይደርብ ደንቡ እንደከለከላቸው ተናገረ፤ ደንቡ እንዲሻሻልም ጠየቀ። ቬኒስ ጆካ ሆነች ለማለት አልደፍርም፤ ግን ዳኛ ወንበሩ ላይ ሆኖ «እንዲህ ልንፈርድ አስበን እንዲህ ስለሆነ ቀረ» ሲል ተሰማ። ተሸናፊው የተሸነፈበትን አወቀ፤ ሙግቱም ከሰው ወደ ደንቡ ዞረ። ምክንያት መናገር ሽልማትን አያረክሰውም፤ ከነቀፌታም ይጠብቀዋል። ኪነ ጥበብ እንደ መሬት ክርክር በማስረጃ አይቋጭም፣ ጣዕም ነው የሚሉ ሰዎች ሊነሱብኝ ይችላሉ። ልክ ናቸው፣ አይቋጭም። ታዲያ ጣዕም ብቻ ከሆነ ለምን «ምርጥ» ብሎ ይሰየማል? ደረጃ ያወጣ ሰው የደረጃውን መለኪያ ሊጠየቅ ይገባል። መለኪያውን ሲናገር ደግሞ እኛም በመለኪያው ላይ እንሟገታለን፤ ያ ሙግት ከ«በዘመድ ነው» ሐሜት በብዙ ይሻላል።

«ጤዛ» ሁለት ታላላቅ ፌስቲቫሎች ቢሸልሙትም ለኦስካር አገሩን ወክሎ አልቀረበም። የኦስካር የውጭ ፊልም ዘርፍ በዚያን ጊዜ አንድ አገር አንድ ፊልም ብቻ፣ ያውም ከአገሩ የፊልም ባለሙያዎች በተውጣጣ ኮሚቴ ተመርጦ እንዲላክ ይጠይቅ ነበር። ኢትዮጵያን ወክሎ የሄደው የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2010 የተላከው «አትሌቱ» ነው፤ ስለ አበበ ቢቂላ፣ በራስላስ ላቀውና በዴቪ ፍራንክል የተሠራ። በሮም በባዶ እግሩ የሮጠውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፤ ፊልሙን ያየው ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት ዳኛ ብቅ አለ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚተላለፈው የብርሃኑ ድጋፌ «ለዛ» ፕሮግራም አድማጮች በድምፃቸው የዓመቱን ዘፈንና ፊልም የሚመርጡበት ሽልማት ጀመረ። ነገሩ ከወርቅ ፈረስም ከወርቅ አንበሳም ተቃራኒ ነው፤ ዳኛው ሕዝብ ነው። «ያልከው ጆካ ይኸው» የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን አልስማማም። ድምፅ መቁጠርና መሟገት የተለያዩ ናቸው። በሸንጎ አንድ ሰው ተነስቶ ተናግሮ የአሥሩን ሐሳብ ሊያስለውጥ ይችላል፤ በስልክ መልእክት ግን ሰው ይዞት የመጣውን ሐሳብ ጥሎ ይሄዳል። ደግሞም ድምፅ ለመስጠት ፊልሙን ማየት፣ ፊልሙን በጊዜው ለማየት አዲስ አበባ መሆን ያስፈልጋል። የቡታጅራ ወጣት በዕጩዎቹ መሃል ሲመርጥ ከሦስቱ አንዱን አይቶ፣ ሁለቱን በማስታወቂያ አውቆ ከሆነ ድምፁ ድምፅ ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. ዮናስ ብርሃነ መዋ ለኢትዮጵያ ፊልም ራሱን የቻለ ሽልማት መሠረተና ስሙን ከፓፓታኪስ ፊልም ወሰደ፤ ጉማ ሽልማት። ደም የፈሰሰባቸው ወገኖች የሚታረቁበት ሥርዓት ስም ለባለሙያዎች ሽልማት መሰጠቱ ደስ የሚል ነው፤ ምፀትም አለው፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ከዕርቅ ይልቅ ክርክርን ነው የቀሰቀሰው። እኔ ግን ይህን እንደ ጥፋት አላየውም። ከጉማ በፊት ፊልሞቻችን በአብዛኛው በትኬት ገቢ ይለኩ ነበር፤ ከጉማ በኋላ ቀረጻ፣ ድምፅ፣ ቅንብር፣ ሜካፕ ስም ኖራቸው። ተመልካቹ ከተዋናዩ ጀርባ ሰው እንዳለ ያወቀው አንድም በዚህ ነው። የተነሳው ተቃውሞ ግን ሥር አለው። ዘርፉ ትንሽ ነው። ዳኛው ያለፈው ዓመት ዕጩ፣ ዕጩው የሚቀጥለው ዓመት ዳኛ፣ አንዱ የሌላው ፕሮዲዩሰር ሊሆን ይችላል። ሁሉም በሚተዋወቅበት መንደር ገለልተኛ ፈልጎ ማግኘት ያቅታል። ታዲያ መፍትሔው ዳኛን ከሰማይ ማውረድ ነው? የጉራጌ ሽማግሌም ተከራካሪዎቹን ያውቃቸዋል፤ አብሯቸው ለቅሶ ይደርሳል፣ ደቦ ይወጣል። ፍርዱን የሚያስከብረው ፍርዱንና ምክንያቱን ሁሉም እየሰማ መናገሩ ነው፤ ቢያዳላ እዚያው ይጋለጣል። የምሽቱ ፖስታ ተቀዶ ስም ሲጠራ ያ ሁሉ ይቀራል፤ ጭብጨባ አለ፣ ምስጋና አለ፣ የዳኝነቱ ሐተታ ግን የለም።

ያው 2006 ለዚህ ታሪክ ሌላ ፊልም ይዞ መጣ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በጥር ሰንዳንስ ላይ፣ በየካቲት በርሊን ላይ የተመልካች ሽልማት አሸነፈ። ፊልሙ በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ታዳጊና የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የሰጣትን ጥብቅና ይተርካል፤ ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሐገሬ ልጅቷን ሆነው ተጫውተዋል። ነሐሴ ሲያልቅ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተጋባዡ አዳራሽ ገብቶ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ፤ ታሪኩ የእኔ ነው የሚል አቤቱታ ነበር። እግዱ በኋላ ተነሳ፤ ፊልሙም ታየ። እንግዲህ አስተውሉ። የተመልካች ሽልማቱን የሰጠው የሰንዳንስና የበርሊን ተመልካች ነው፤ ጠለፋ ባህል በነበረበት አገር ያለው ተመልካች ተራ ሳይደርሰው ፊልሙ ሁለት ጊዜ ተሸልሟል፣ አንድ ጊዜ ታግዷል። እዚህ ላይ በእኔ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘረው ከባዱ መቃወሚያ ይነሳል፤ መልስ ሳልሰጠው ማለፍ አልችልም። በዚያ ፊልም ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው በልጅቷ ዕጣ የሚፈርዱት እኮ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሁሉም ወንድ። በአደባባይ ተናግረዋል፣ ምክንያታቸውን ሰጥተዋል፤ ፍርዳቸው ግን ግፍ ነው። ሸንጎን ሚዛን ያደረገ ጸሐፊ ይህን ምን ይለዋል?

መልሱን ከጉራጌ ከራሱ ታሪክ ማውጣት ይሻላል። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኖረች የምትባል ሴት ናት። በአፍ በሚወርደው ታሪክ ሴት ባሏን እንድትመርጥ፣ ከማትፈልገው ትዳር መውጣት እንድትችል ጆካ ፊት ቆማ ተሟግታለች። ታሪኳን እንዳለጌታ ከበደ «እምቢታ» በተባለ ልብ ወለድ፣ ጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ ደግሞ በብሔራዊ ቴአትር በታየ ሙዚቃዊ ተውኔት አቅርበውታል። ሸንጎው የወንዶች ነበር፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግን ወርድወት የምትሞግተው ነገር ያገኘችው ሸንጎው በአደባባይ ስለተቀመጠና ሕጉ የታወቀ ስለሆነ ነው። ፍርዱ ሲነገር ነው «ይህ ፍርድ ልክ አይደለም» ማለት የሚቻለው። ምክንያት መናገር ዳኛውን ትክክል አያደርገውም፤ ስህተቱን እንዲታይ ያደርገዋል፤ ከሽልማት ዳኞችም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅኩም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ስለ ሴት ልጅ ነፃነት የአርሲዋ ታሪክ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ዓለምን ሲዞር፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቀደመው የጉራጌዋ ሴት ሙግት በመድረክና በመጽሐፍ አገር ቤት ቀርቷል። ለየትኛው ታሪክ ፊልም ይሠራል የሚለው ጥያቄ ከየትኛው ፊልም ይሸለም ይቀድማል፤ በሽልማት ምሽት ማንም የማያነሳው ሙግት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ካን ገባ፤ በኦፊሴላዊው ምርጫ የታየ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው። እናቱን ያጣው ልጅ ኤፍሬም፣ የሚወዳት በጉ ቹኒና ወንድ ልጅ አይገባበትም በተባለው ማድ ቤት የሚያሳየው የምግብ ሥራ ችሎታ የፊልሙ ልብ ናቸው። ፊልሙ በቀረበበት ዘርፍ ትልቁን ሽልማት የወሰደው «ራምስ» የተባለው የአይስላንድ ፊልም ሆነ፤ እሱም ስለ በጎች! ሁለት ወንድማማቾችና መንጋቸው። አውራ በጎቹ ግልገሏን ረቱ ብሎ መቀለድ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ከዚህ በላይ ሊሄድ አይችልም፣ ምክንያቱም ሁለቱን ፊልሞች አስተያይቶ «ይኼኛው በዚህ ይበልጣል» ለማለት ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። በበግ ርቢ የሚተዳደር በጉራጌ የጉመር ወይም የእነሞር ገበሬ ስለ ሁለቱም ለካን ዳኞች ያልታያቸውን ሊናገር ይችል ነበር፤ በግ ሲታመም፣ ሲሸጥ፣ ሲታረድ የሰው ፊት ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የዳኝነት ዕውቀት የት እንዳለ አስቀድሞ መወሰን ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. 2019 ደንብ ራሱ ፍርድ የሚሆንበት ዓመት ሆነ። ኢትዮጵያ የያን ፊሊፕ ቫይልን «ራኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ» ላከች፤ ዳይሬክተሩ ጀርመናዊ፣ ታሪኩ የሁለት ኢትዮጵያውያን ልጆች። «የጀርመን ሰው የሠራው የኢትዮጵያ ፊልም ነው ወይ?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን «ሂሩት»ን ግሪካዊ እንዳዘጋጀው፣ «ጉማ»ን ፓፓታኪስ እንደሠራው ያስታወሰ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። በዚያው ዓመት የናይጄሪያው «ላይንሃርት» አብዛኛው ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከውድድሩ ወጣ። ዘርፉ ስሙን ከ«የውጭ ቋንቋ» ወደ «ዓለም አቀፍ» ቢለውጥም የቋንቋው ደንብ ግን አልተለወጠም። ቁጣው ትልቅ ነበር፣ ግን ፍሬያማ ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱ ተጽፎ ስለነበር ሰው በምክንያቱ ላይ ተሟገተ። ቅኝ ገዢ ጥሎት የሄደው ቋንቋ የናይጄሪያ ቋንቋ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ለኛም የማይቀር ነው። በጉራጊኛ፣ በስልጢኛ ወይም በማረቆኛ የተሠራ ፊልም ነገ ለአማርኛ ተመልካችና ለአማርኛ ዳኛ ሲቀርብ ስለ ግርጌ ጽሑፍ፣ ስለ ዘዬ፣ ስለ «ማን ይገባዋል» ያው ሙግት በአገር ውስጥ ይደገማል።

የመጨረሻው ምዕራፍ የጫት ነው። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ ላይ ታየ፤ በስዊዘርላንዱ ቪዥን ዱ ሬል ትልቁን ሽልማት ወሰደ፤ ቀጥሎም ለኦስካር ዘጋቢ ፊልም ከተመረጡት 15 ፊልሞች አንዱ ሆነ። ሐረር አካባቢ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጫት ቆራጩ፣ ጫኙ፣ ቃሚው፣ ሊሰደድ የሚያስበው ወጣት። «ጫትን ውብ አድርጎ ማሳየት ለሽልማት ይገባል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይገርምም። በእኔ እምነት ፊልሙ ጫትን አያሞግስም፤ የጊዜን መፍዘዝ ያሳያል። ይህን የምለው ግን ቃሚም አብቃይም ባልሆነ ዓይን ነው። በጉራጌ ምድር ጫት ልጅ ያስተማረ፣ ቤት በቆርቆሮ ያስመታ ሰብል ነው፤ ማልዶ ተቆርጦ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሳይጠወልግ አዲስ አበባ ሊደርስ መንገዱን የሚሽቀዳደመው መኪና ከወልቂጤም ከቡታጅራም በኩል ይነሳል። የፊልሙ ዝግታ እውነት ነው ወይስ ጌጥ? ይህን ጥያቄ ከጉራጌው ጫት አብቃይ በተሻለ ማን ይመልሳል? መጋቢት 2014 ዓ.ም. በኦስካሩ ምሽት «ፋያ ዳዪ» ከመጨረሻዎቹ አምስት ውስጥ አልነበረም፤ የዘጋቢ ፊልሙን ሽልማት ያሸነፈው የ1969ኙን የሃርለም ኮንሰርት ያሳየው «ሰመር ኦፍ ሶል» ነው። አሸናፊውን ሊያስታውቅ የወጣው ኮሜዲያን ክሪስ ሮክ ሲሆን፣ ፖስታውን ሳይከፍት ዊል ስሚዝ መድረክ ላይ ወጥቶ በጥፊ መታው። ጥፊው ሌሊቱን በስልክ ዓለምን ዞረ፤ በማግስቱ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ያልፈረደ ሰው አልነበረም። የትኛው ፊልም እንዳሸነፈ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።